«መንጋጋዬን ይንቀልልኝ፤ እህቴ ፈተና አለባት»

ሐኪሙ በዓረብኛ የተናገረውን ወደ አማርኛ መለስኩላት። ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው «ሰሕብ ዐሰብ» ይባላል፤ የታመመውን ነርቭ አውጥቶ ጥርሱን ማትረፍ ነው። ሁለተኛው «ኸልዕ» ነው፤ መንቀል። የመጀመሪያው ብዙ ቀጠሮና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ የጤና ካርዷም አይሸፍነውም። ሁለተኛው ዛሬውኑ ያልቃል። «ጥርሱ ገና ይድናል፤ ባይነቀል ነው የሚሻለው» ሲል ሐኪሙ ጨመረ።

እሷ ግን ጉንጯን በእጇ እንደያዘች «ይንቀልልኝ በይው» አለችኝ።

«እህቴ፣ ይድናል እኮ እያለ ነው» አልኳት።

«ሰምቻለሁ። ታናሽ እህቴ የጥርስ ሐኪም ልትሆን ፈተና አለባት። ገንዘቡ የእሷ ነው።»

ይህ የሆነው በግንቦት 2024 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እኔ ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ዓረብኛ ሲሆን፣ በትርፍ ሰዓቴ ክሊኒክም ጽሕፈት ቤትም ለሚሄዱ እህቶች አስተረጉማለሁ። የዚያን ቀን ግን ከዓረብኛው ይልቅ ያስቸገረኝ ከክሊኒኩ ስንወጣ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። ጥጡን እንደነከሰች ስልኳን አውጥታ የእህቷን መልእክት አሳየችኝ። «ይሄ ዳት የሚሉት ፈተና ምንድን ነው? ገንዘቡን ልኬያለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም» አለችኝ። እኔም አላውቅም ነበር። ሁለታችንም ቀስ በቀስ አወቅን። ያወቅነውን እነሆ፤ ሁለቱ እህትማማቾች ታሪካቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል፣ ስማቸው እንዲወጣ ግን አልፈለጉም።

አሜሪካ ላለ ሰው ገንዘብ ይላካል?

ታላቅየዋ 38 ዓመቷ ነው። ባሕረ ሰላጤው አገር ከመጣች 11 ዓመት ሆኗታል፤ ብዙውን ጊዜ የኖረችው አንድ ቤት ውስጥ ነው። የማዳሟን ሦስት ልጆች ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ታናሽየዋ ደግሞ 12ኛ ክፍል እንደጨረሰች ዲቪ ደርሷት ሜሪላንድ ገባች። የአውሮፕላን ቲኬቱን የቆረጠችላት ታላቅየዋ ናት።

ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። አሜሪካ ያለ ሰው ገንዘብ ይልካል እንጂ እንዴት ይላክለታል? ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽየዋ በመጀመሪያ በአነስተኛ ክፍያ የሚማሩበት ኮሌጅ ገባች፤ ቀጥላ ዩኒቨርሲቲ። ቀን ቀን ትማራለች፤ ማታና ቅዳሜ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ዕቃ እያጠበችና መሣሪያ እያቀበለች ትሠራለች። ደመወዟ ኪራይና ምግብ ነው። ለፈተናው እንድትዘጋጅ ሦስት ወር ሥራዋን መቀነስ ነበረባት። ታላቅየዋ «አንቺ አጥኚ፣ ኪራዩን እኔ እይዛለሁ» አለቻት። በወር 250 ዶላር በሐዋላ መላክ ጀመረች። ለራሷ ቃል የገባችው ያ ኮንትራት የመጨረሻዋ እንደሚሆን ነበር፤ አሁን ግን አንድ ኮንትራት ጨመረች። አንድ ኮንትራት ሁለት ዓመት ነው።

ፈተናው ምንድን ነው?

ዳት በአሜሪካ ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚወሰድ ፈተና ነው። የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ሲሆን፣ በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ1950 ነው። በኢትዮጵያ ተማሪ ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት የሚያመራው ከ12ኛ ክፍል በኋላ ነው። በአሜሪካ ግን አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ዲግሪ ይይዛል፤ ዳት ይፈተናል፤ ከተቀበሉት ደግሞ አራት ዓመት ይማራል።

ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒዩተር፣ ፕሮሜትሪክ በሚባሉ የፈተና ማዕከላት ነው። ይህን ስም እዚህ ያሉ ብዙ ነርሶች ያውቁታል፤ ለባሕረ ሰላጤው የሥራ ፈቃድ የሚፈተኑትም በዚሁ ድርጅት ማዕከላት ነውና።

ጥያቄዎቹ በጠቅላላ 280 ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ነው፤ 40 ጥያቄ ባዮሎጂ፣ 30 አጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ 30 ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ በ90 ደቂቃ። ሁለተኛው የዓይን ልኬትና ቅርጽ የማየት ችሎታ ነው፤ 90 ጥያቄ በ60 ደቂቃ። ከዚያ 30 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ሦስተኛው በእንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት ነው፤ ሦስት ረጃጅም የሳይንስ ጽሑፎች፣ 50 ጥያቄ፣ 60 ደቂቃ። የመጨረሻው ሒሳብ ነው፤ 40 ጥያቄ በ45 ደቂቃ። ዕረፍቱና መግቢያው ሲደመር ተፈታኙ ከ5 ሰዓት ያላነሰ እዚያ ይቀመጣል።

ለእኔ ከሁሉ አዲስ የሆነብኝ ሁለተኛው ክፍል ነው። የጥርስ ሐኪም የሚሠራው ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በመስታወት እያየ ነው። ስለዚህ አንድን ቅርጽ በሐሳቡ ማዞር መቻሉ ይፈተናል። በድሮ ጊዜ ተፈታኞች ጠመኔ በቢላ እየቀረጹ ነበር የሚፈተኑት፤ በ1972 ያ ቀርቶ በወረቀት ላይ ጥያቄ ተተካ። ዛሬ ስድስት ዓይነት ጥያቄ አለ። ከአራት ማዕዘኖች የትኛው ጠባብ፣ የትኛው ሰፊ እንደሆነ በዓይን ለክቶ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ አንዱ ነው። ሌላው ወረቀት ተጣጥፎ ከተበሳ በኋላ ሲዘረጋ ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚሆኑ ማወቅ ነው። ሌላው ደግሞ የተደራረቡ ኩቦች ከታች በቀር በሚታየው ጎናቸው ሁሉ ቀለም ቢቀቡ፣ ስንቶቹ ሁለት ጎናቸው፣ ስንቶቹ ሦስት ጎናቸው እንደተቀባ መቁጠር ነው።

በስኳርና በወረቀት

ታላቅየዋ ይህን ስነግራት «ይሄማ የኔ ሥራ ነው» ብላ ሳቀች። ሳቋ ቀልድ ብቻ አልነበረም።

እዚህ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሲሆን ሜሪላንድ በበጋ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ታላቅየዋ ስልኳን ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አስደግፋ በቪዲዮ ትደውላለች። ለሻይ የሚቀርበውን ኩብ ኩብ ስኳር ጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች፤ ታናሽየዋ ትቆጥራለች። ወረቀት ታጥፋ በእስክሪብቶ ጫፍ ትበሳና «ስንት ቀዳዳ? የት የት?» ትላታለች። ከዚያ ዘርግታ ታሳያታለች። «መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የምቀድማት። አንሶላና የጠረጴዛ ጨርቅ ሳጥፍ 11 ዓመቴ ነው። በኋላ ግን ጥላኝ ሄደች» አለችኝ።

ይህ በየሌሊቱ ሃያ ደቂቃ ነው። ከዚያ ታናሽየዋ ወደ መጽሐፏ፣ ታላቅየዋ ወደ አልጋዋ። ለእህቷ ያደረገችላት ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው ብላ ታምናለች፤ እኔም አምናለሁ።

የስም ነገር

ከፈተናው ሦስት ሳምንት በፊት ታናሽየዋ ደነገጠች። ለፈተናው ስትመዘገብ እንደ ቤተሰብ ስም የጻፈችው የአያቷን ስም ነው፤ መታወቂያዋ ላይ ያለው የአባቷ ነው። የፈተናው ሕግ ደግሞ ምዝገባው ላይ ያለው ስምና መታወቂያው ላይ ያለው ስም አንድ ዓይነት ይሁን ይላል። ካልሆነ ከበር ይመልሷታል፤ ገንዘቡም ይበላል። ደውላ አስተካከለች።

ይህን ችግር እኛ በደንብ እናውቀዋለን። በዓረብኛ «ጨ» የለም፤ «ፐ»ም የለም። ስማችን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ዓረብኛ ሲገለበጥ ፓስፖርቱ አንድ ይላል፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ሌላ ይላል። ታላቅየዋ ራሷ በሁለት ወረቀቶቿ ሁለት ስም አላት። ቤተሰባችሁ ውስጥ ለማንኛውም ፈተና የሚመዘገብ ሰው ካለ አስቀድሞ መታወቂያውን ፊቱ አስቀምጦ፣ ከዚያ ፊደል በፊደል ይመዝገብ።

«ውጤቱ ገና አልመጣም»

ፈተናው በነሐሴ 2024 ነበር። ማዕከሉ በር ላይ ስልክ፣ ሰዓት፣ ቦርሳ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ኪስ ይፈተሻል። ታናሽየዋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ስትገባ እዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ታላቅየዋ የምሳ ዕቃ እያጠበች ስልኳን ከስኳሩ ማሰሮ ኋላ ደብቃ ትጠብቃለች። ምሽት ላይ «ጨርሻለሁ» የሚል አንድ ቃል መጣ። ከዚያ ዝም።

ሳምንት አለፈ። «ውጤቱስ?» ስትላት «ገና አልመጣም» ትላታለች። ሁለተኛ ሳምንት እንደዚያው። በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ታላቅየዋ እኔን ጠየቀችኝ። «አንቺ ስታነቢ ነበር፤ ይሄን ያህል ይቆያል?»

አይቆይም። ጊዜያዊው ውጤት እዚያው፣ ፈተናው እንዳለቀ ይነገራል። ይህን አውቅ ነበር። ማስተርጎም ያስተማረኝ ነገር ቢኖር የሰው ቃል ላይ እንዳልጨምር፣ እንዳልቀንስ ነው። ውሸት መጨመር አልፈለግኩም፤ የእህቷን ምስጢር ማውጣትም አልፈለግኩም። «እሷኑ ደግመሽ ጠይቂያት፤ ግን ሳትቆጪ ጠይቂያት» አልኳት። ገባት።

በዚያው ሌሊት ደወለች። የሆነውን ከሁለቱም ሰምቻለሁ።

«እታለም፣ ወድቄያለሁ» አለች ታናሽየዋ።

«ወደቅሽ ወይስ አነሰሽ?»

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ዳት ማለፊያ ነጥብ የሚባል የለውም። በዚያን ጊዜ ውጤቱ ከ1 እስከ 30 ነበር። የታናሽየዋ አማካይ 16 ሆነ። ትምህርት ቤቶቹ የሚቀበሏቸው ተማሪዎች አማካይ 20 አካባቢ ነው። ባዮሎጂው ደህና ነበር፤ በወረቀትና በስኳር የተለማመዱት ክፍልም ጥሩ ነበር። የጎተታት አንብቦ መረዳት ነው፤ 14 አገኘች። ሦስተኛውን ጽሑፍ ሳትጨርስ ሰዓቱ አለቀ።

ታናሽየዋ ይህን እያለቀሰች ስትናገር ድንገት ዝም አለች። የጥርስ ክሊኒክ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ዓይኗ የት እንደሚያርፍ ታውቃላችሁ።

«እታለም፣ መንጋጋሽ የታለ?»

ታላቅየዋ ለሦስት ወር በቪዲዮ ስታወራት አፏን በእጇ እየሸፈነች፣ ስልኩን ወደ ስኳሩ እያዞረች ነበር። ታናሽየዋ ውጤቷን ደበቀች፤ ታላቅየዋ ጥርሷን ደበቀች። ሁለቱም ሌላዋን ላለማሳዘን ነው ያደረጉት። ታናሽየዋ «ያን ጥርስ ማትረፍ ይቻል ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ታላቅየዋ «አዎ» አለች። ከዚያ በኋላ፣ ሁለቱም እንደሚሉት፣ ረጅም ሰዓት ማንም አልተናገረም።

ሁለተኛው ዝግጅት

በማግስቱ ተስማሙ። ታናሽየዋ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ታላቅየዋ የምትልከውን ወደ 100 ዶላር ቀነሰች። ታናሽየዋ በየወሩ መጨረሻ ገንዘቡ የት እንደገባ፣ የልምምድ ፈተናዋም ስንት እንደመጣ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ልትነግራት ቃል ገባች። ታላቅየዋም ሲያማት ልትናገር ቃል ገባች።

አጠናኗም ተለወጠ። በመጀመሪያው ጊዜ መጽሐፍ ጨርሳ ነበር፤ ሰዓት ይዛ ግን አልተለማመደችም። አሁን በየቀኑ ጠዋት አንድ የሳይንስ ጽሑፍ በ20 ደቂቃ ታነባለች፤ 60 ደቂቃ ለሦስት ሲካፈል የሚደርሰው ያን ያህል ነውና። ጽሑፉ ስለ ምንም ይሁን፣ ደወሉ ሲደወል እስክሪብቶ ታስቀምጣለች። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ደግሞ ሙሉውን ፈተና፣ ከነዕረፍቱ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጣ ትፈተናለች። የተሳሳተችውን በአንድ ደብተር ትጽፋለች፤ መልሱን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሳተች። ሳታውቅ ነው? ቸኩላ ነው? ጥያቄውን ሳትጨርስ ነው? አንድ ነገር ደግሞ ዘግይታ አወቀች፤ ለስህተት የሚቀነስ ነጥብ የለም። ሰዓት ሲያልቅ ባዶ ከመተው መገመት ይሻላል። በመጀመሪያው ጊዜ ሰባት ጥያቄ ባዶ ትታ ነበር።

በጥር 2025 እንደገና ተፈተነች። በዚያኑ ቀን ደወለች። አማካይዋ 20፣ ንባቡ 19።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ሁለቱን እህትማማቾች ለማወደስ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ስሙን በማናውቀው ነገር ላይ የዓመት ላባችንን እንልካለን። ስለዚህ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ «ለዳት ገንዘብ ላኩልኝ» ቢላችሁ ይህን ያዙ።

ፈተናው ለማን ነው? ገና ሐኪም ላልሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ ለመማር ለሚፈልግ ነው። በኢትዮጵያ ወይም በሌላ አገር ተምሮ የጥርስ ሐኪም የሆነ ሰው አሜሪካ ሲሄድ የሚጠብቀው ሌላ ነው፤ ብሔራዊ የቦርድ ፈተና የሚባለው። ካናዳም የራሷ ፈተና አላት።

ስንት ነው? የመፈተኛው ክፍያ ከ500 ዶላር በላይ ነው። የገንዘብ ችግር ያለባቸው ተፈታኞች ማስረጃ አቅርበው የክፍያው ግማሽ እንዲቀነስላቸው ማመልከት ይችላሉ። ዕድሉ ግን በቁጥር የተወሰነና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚፈተኑ ነው። ታናሽየዋ ይህን ያወቀችው ሙሉውን ከፍላ ከተፈተነች በኋላ ነው፤ አመለጣት።

ውጤቱ መቼ ይታወቃል? ጊዜያዊው በዕለቱ። ከመጋቢት 2025 ጀምሮ ደግሞ መለኪያው ተቀይሯል፤ ከ200 እስከ 600 ሆኗል። ስለዚህ አንዱ «20 አመጣሁ»፣ ሌላው «430 አመጣሁ» ቢላችሁ አትደናገጡ፤ የተፈተኑበት ጊዜ ነው የሚለየው።

የፈተና ጥያቄ ይሸጣል? አይሸጥም። ታላቅየዋ ስልክ ላይ አንድ የማታውቀው ሰው «የዘንድሮውን ጥያቄ በ200 ዶላር እሰጥሻለሁ» ብሏት ልትልክ ምንም አልቀራትም ነበር። ታናሽየዋ ናት ያስቆመቻት። ተፈታኞች ጥያቄ እንዳያወጡ ይፈርማሉ፤ የተሰረቀ ጥያቄ ይዞ የተገኘ ሰው ውጤቱ ሊሰረዝ ይችላል። ሻጩ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የምትገዙት ውርደት ነው።

ፈተናው ካለፈስ? የመግቢያው በር እንጂ ቤቱ አይደለም። ትምህርት ቤቶቹ የዩኒቨርሲቲ ውጤትን፣ የመምህራንን ደብዳቤ፣ ሐኪም ሲሠራ ቆሞ የታየበትን ሰዓትና ቃለ መጠይቅን ይመለከታሉ። የትምህርቱ ክፍያ ደግሞ በወር 250 ዶላር የሚነካ አይደለም፤ ብዙዎቹ የሚማሩት በብድር ነው። ስለዚህ ኮንትራት ጨምራችሁ የአራት ዓመት ክፍያ እችላለሁ አትበሉ። የምትችሉትን በቁጥር ተናገሩ፤ እነሱም የሚያስፈልጋቸውን በቁጥር ይንገሯችሁ።

ሰሕብ ዐሰብ

ታናሽየዋ ባለፈው ክረምት አመለከተች። ካመለከተችባቸው አንዱ ባልቲሞር የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ነው፤ በ1840 የተመሠረተ፣ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ። ሌላው ዋሽንግተን ያለው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታለች፤ የትኞቹ እንደሆኑ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። መልሱን እየጠበቀች ነው። እምቢ ሊሏትም እንደሚችሉ ታውቃለች፤ ለእህቷም ነግራታለች።

ታላቅየዋ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። በሌላው በኩል ያለ መንጋጋዋ ማመም ጀምሯል፤ ማዳሟ ለማክሰኞ ፈቅዳላታለች። አብረን ሄድን። የተለመደው ክሊኒክ፣ ሌላ ሐኪም። ፎቶ አነሳት፣ አየው፣ ወደ እኔ ዞሮ ሊናገር ሲል ቀደመችው። ዓረብኛዋ የወጥ ቤት ዓረብኛ ነው፤ ሐኪሙ ግን በደንብ ሰማት።

«ላ ኸልዕ» አለችው። «ሰሕብ ዐሰብ።»

ሐኪሙ ስንት ቀጠሮ እንደሚፈልግ፣ ስንት እንደሚያስከፍል ነገራት። አስተረጎምኩላት። ቦርሳዋን ከፍታ የመጀመሪያውን ክፍያ ቆጥራ አስቀመጠች። ያን ወር 100 ዶላሩ ለሜሪላንድ አልተላከም፤ ታናሽየዋም ታውቃለች።